መሰንቆ በገዛ ድምፁ፦ ከጎንደር ፒያሳ ጀርባ ያለ አንድ አዝማሪ ቤት

ጎንደር ውስጥ ምሽቱን መሰንቆ እየሰማ ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው ቤት አይጠፋም። መሰንቆውን በገዛ ድምፁ፣ ሽቦ ሳይሰካበት፣ ግጥሙን ቃል በቃል እየለየ መስማት ለሚፈልግ ግን ምርጫው ጠባብ ነው። ከእነዚያ ጥቂት ቤቶች አንዱ ከፒያሳ ጀርባ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከሠሯቸው ሕንፃዎች መካከል በሚያስገባ ቀጭን መንገድ ላይ ይገኛል። በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም። ሰፈሩ ቤቱን የሚጠራው በባለቤቷ፣ በአንዲት ሴት ስም ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ እኔም አልጽፈውም። ፒያሳ ወርዳችሁ “ምድጃ ያለበት አዝማሪ ቤት” ብላችሁ ብትጠይቁ ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቁታል።

ቤቱ ሰፊ አይደለም። ሠላሳ ሰው ከገባበት ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። ግድግዳውን ዙሪያውን መደብ ይዞታል፤ መሐሉ ላይ ዱካዎችና የከሰል ምድጃ አሉ፤ ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ጠጁ የማር ነው፤ ጌሾው ምላስ ላይ ይቆያል፣ ራስ ግን አይመታም። አልኮል ለማይጠጣ ሰው ብርዝ ያቀርባሉ፤ ብርዝ ጠጣህ ብሎ የሚገላምጥ አስተናጋጅም የለም። ምግቡ መልካም ነው፤ ከመልካም በላይ ግን አልለውም። ጥብሱ ከምጣድ ወርዶ ወዲያው ይመጣል፤ ዶሮ አስቀድሞ ካልታዘዘ አይገኝም፤ ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱና ሽሮ አለ። ስለ ምግቡ ይህን ያህል ይበቃል፤ ወደዚህ ቤት የሚኬደው ሌላ ነገር ተፈልጎ ነው።

መሰንቆ ተጫዋቹ ገና ወጣት ነው፤ አባቱም አያቱም አዝማሪዎች ነበሩ። እኅቱ አብራው ትዘፍናለች። እንግዳ ሳይበዛ በጊዜ የገባ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል። በክረምት አየሩ ሲረጥብ የመሰንቆው ቆዳ ይላላል፤ ድምፁም ይታፈናል። ልጁ ምድጃው አጠገብ ዱካ ስቦ ይቀመጥና የመሰንቆውን ፊት ወደ ፍሙ አዙሮ ይይዛል። በጣም አያስጠጋውም፤ ደረቅ ቆዳ በቶሎ ይሰነጠቃል። በጥፍሩ መታ መታ እያደረገ ጆሮውን ያዘነብላል። ቆዳው ሲወጠርና ድምፁ ጠንከር ሲልለት ከእሳቱ ያርቀዋል፤ ቀጥሎ ደጋኑን ሙጫ ያሻሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው መቃኛውን የሚጠመዝዘው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማንንም አያናግርም፤ አስተናጋጆቹም ብርሌ እያጋጩ አያልፉበትም።

የመሰንቆ ጅማት አንድ ይባል እንጂ አንድ ላይ ከተሰበሰበ ብዙ የፈረስ ጭራ የሚሠራ ነው፤ ደጋኑም እንዲሁ። ተጫዋቹ ጣቶቹን ከጎን ያስነካዋል እንጂ እንደ ጊታር ጅማቱን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም። ጣቱ ጥቂት ሲንሸራተት ድምፁም አብሮት ይንሸራተታል፤ ከሰው ጉሮሮ ጋር የሚቀራረበው በዚህ የተነሣ ነው። ጭራ ከጭራ ሲፋተግ የሚሰማ ሻካራ እስትንፋስ አለው። ይህ እስትንፋስ በማይክሮፎን ሲያልፍ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ወደ ፉጨት ይለወጣል። በዚህ ቤት ግን መደቡ ላይ ተቀምጣችሁ እንኳን ይሰማችኋል።

እኔ ዛሬ አራዳ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለኝ፤ ጆሮዬ የተገራው ግን በልጅነቴ በጎንደር በዓታ አቋቋም፣ ማለትም በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚታጀበውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስማር ነው። በዓታ የአቋቋም ማስመስከሪያ እንደሆነ የቤተ ክህነት ሰው ሁሉ ያውቃል። ዜማው በየደረጃው ከቁም ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት እየተባለ ሲሄድ ከበሮው እንዴት ቀስ በቀስ እንደሚጠብቅ፣ ጸናጽሉ ከመቋሚያው ጋር እንዴት እንደሚገጥም የተማርሁት የኔታ ፊት ቆሜ ነው። በዚያ ዘመን ለእኛ ለተማሪዎቹ አዝማሪ ቤት መግባት የማይታሰብ ነበር። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለእግዚአብሔር፣ የአዝማሪ ዘፈን ለዓለም ተብሎ ድንበሩ የተሰመረ ነው፤ ድንበሩ አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን አላደባልቅም። ነገር ግን በዚህ ቤት የእስክስታው ከበሮ ከለሆሳስ ተነሥቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እየጠበቀ ሲሄድ፣ ያንን አካሄድ ጆሮዬ ያውቀዋል። የያሬድን ሦስት የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ እያለ ያደገ ከተማ በትዝታና በአንቺ ሆዬ ቅኝትም ውስጥ ያንኑ ትዕግሥቱን ይዞ ገብቷል።

የቤቱን ደረጃ የምለካው ግን በሌላ ነገር ነው፤ “ተቀበል!” ሲባል በሚሆነው። እንግዳው ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው ይቀበልና በዜማ ይመልሰዋል። ድምፅ ማጉያ ባለበት ቤት ይህ ነገር እየሞተ ነው፤ እንግዳው ቢጮህም አይሰማም፣ ቢሰማም ሌላው አድማጭ ግጥሙን አይለየውም። እዚህ ቤት ሕያው ነው። አንድ ምሽት ከደንበኞቹ አንዱ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ብቻውን መጣ። ወትሮ አብሮት የሚመጣው ጓደኛው ከባለቤቷ ጋር በሒሳብ ተቀያይሞ እንደቀረ ሰፈሩ ያውቃል። ሾፌሩ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ብርሌውን አስቀመጠና ወደ ዘፋኟ ዞሮ “ተቀበይ!” አላት፦

ጠጅሽን ብዬ ነው የመጣሁ ከደጅሽ፣
ወዳጄስ ቀረ እንጂ ከቤት ስለ ጠላሽ።

እርሷ ግጥሙን ወደ ባለቤቷ ዞራ ዘፈነችው። መጀመሪያ የሣቁት በበሩ በኩል የተቀመጡት ናቸው፤ ወዲያው ሣቁ መደቡን ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ። አንዳንዱ ጠላ ሲያስብ ቆይቶ ነገሩ ኋላ ነው የገባው። ባለቤቷ ከጓዳው በር ላይ ሆነው ፈገግ አሉ እንጂ አልተቆጡም። መሰንቆ ተጫዋቹ ደጋኑን ሳያነሣ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ ተጫወተና ለእርሳቸው ጠበቃ ሆኖ መለሰ፦

ቂም ይዞ የቀረ ወዳጅህ ቢመጣ፣
ማሩን እንለዋለን ጠጁንም ሳይጠጣ።

ሾፌሩ ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈለት። እርቁ በዚያ ምሽት አለቀ አልልም፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአደባባይ ሊባባሉት የማይችሉትን ነገር በሰው ሁሉ ፊት ተባባሉ፣ ማንም አልተዋረደም። ለእኔ ጎንደሬነት ማለት ይህ ነው። ግንቡን ለማየት የሚመጣ ሰው ያያል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ይሄዳል። ሰምና ወርቅ አድርጎ መናገር፣ የተነገረውንም ፈትቶ መስማት ግን የከተማው ሰው በየቀኑ የሚኖርበት ትምህርት ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደብተራው ለዕለቱ በዓል አዲስ ቅኔ ይቀኛል፤ የትናንቱን አምጥቶ አይደግመውም። አዝማሪውም ለዕለቱ እንግዳ የዕለቱን ግጥም ያወጣል። አንዱ በቅኔ ማኅሌት፣ ሌላው በጠጅ ቤት፤ የሚሹት አድማጭ ግን አንድ ዓይነት ነው፣ ቃል ሲሰማ ወዲያው የማያምን።

በዚያው ሰሞን በአጠገቤ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጣሊያናዊት እንግዳ ከአስጎብኚያቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። ቀኑን ፋሲል ግቢ ውለው መምጣታቸውን አስተናጋጇ ጠጅ ስታቀርብ ሰምታ ለልጁ ሹክ አለችው። ይህ ሹክታ የሙያው አካል ነው፤ አዝማሪ እንግዳው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ አይዘፍንም። ልጁ ወደ እርሳቸው ዞሮ አጎነበሰና እንዲህ አለ፦

ጌታው አለፉ አሉ ግንቦቹ ፈረሱ፣
ጭራው በእጄ አለ ያለቅሳል ለእርሱ።

“ፈረሱ”ን አንድ ጊዜ አጥብቆ፣ ሲመልሰው አላልቶ ዘፈነው፤ በሁለተኛው ዙር ደጋኑን ከፍ አድርጎ ጭራውን አሳየን። አስጎብኚው ሊተረጉምላቸው ብዙ ደከመ። እኔም አገዝሁት። ወይዘሮዋ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያም ድጋሚ እንዲዘፍነው ለመኑት።

ግጥሙ ባዶ ሙሾ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማውን ከቆረቆሩ ወዲህ ጎንደር ብዙ አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1864 እና በ1866 ዘረፏት፤ በሁለተኛው ጊዜ አቃጠሏት። ደርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ከሱዳን መጥተው አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ። በፋሲል ግቢ ውስጥ የዐፄ ዳዊት 3ኛ የመዝሙር ቤት አለ፤ ዳዊት የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 ነው፤ በአዳራሹም መንፈሳዊውም ዓለማዊውም በዓል ይካሄድበት ነበር። ንጉሥ ለዜማና ለጨዋታ ብሎ ድንጋይ አስጠርቦ አዳራሽ ያሠራበት ከተማ ነው እንግዲህ ይህ። ዛሬ አዳራሹ ባዶውን ቆሟል፤ ጨዋታው ከዚያ ወጥቶ በየጠጅ ቤቱ ገብቷል። ግቢውን የምታስጎበኙ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንግዶቻችሁን ከመዝሙር ቤቱ ቀጥላችሁ ማታውኑ ወደዚህ ቤት ብታመጡ ጉብኝቱ ይሟላል።

ወይዘሮዋ የፓርማ አካባቢ ሰው ናቸው። ጁዜፔ ቬርዲ የተወለዱበት አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1813። ስለ ኦፔራ ሲያወሩ ስለ ወርቅ ቅቡ አዳራሽ አልነበረም ያወሩት፤ ከላይ፣ ርካሹ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡት ሰዎች ነበር። የፓርማ ቴአትር የላይኛው ሰገነት ተመልካቾች ዘፋኝ ሲሳሳት እዚያው በፉጨት የሚያዋርዱ፣ ሲሳካለት ደግሞ ቤቱን በጩኸት የሚያነቃንቁ ናቸው። ዝነኛ ዘፋኞች ሳይቀሩ ይፈሯቸዋል። ሌላም ነገር ነገሩን፤ የኦፔራ ዘፋኝ በልማዱ ማይክሮፎን አይዝም፤ አዳራሹን የሚሞላው በደረቱ ነው። “እዚህም እንደዚያው ነው” አሉ ወደ ልጁ እያመለከቱ። እኔ ኦፔራን የማውቀው በሬዲዮና በስልክ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ዘፋኝ፣ ያልተጋረደ ድምፅና የሚፈርድ ሕዝብ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ከሴትዮዋ አነጋገር ገብቶኛል። የጣሊያን የኦፔራ አዘፋፈን እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የእኛ የጥምቀት በዓል ደግሞ በ2019። ሕዝብ በዜማው ማንነቱን እንደሚያውቅ ዓለም መስማማቱ ደስ ይለኛል።

ከኦፔራ ጋር ግን እኛ ኢትዮጵያውያን የቆየ ጉዳይ አለን፤ ለወይዘሮዋም ነግሬያቸዋለሁ። “አይዳ” የተሰኘው የቬርዲ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በካይሮ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነው። ያሠሩት የግብጹ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ናቸው። ታሪኩ በጥንታዊት ግብጽ ተማርካ ባሪያ የሆነች የኢትዮጵያ ልዕልትን የሚመለከት ነው፤ አባቷ የኢትዮጵያ ንጉሥም በግብጽ ጦር ተሸንፎ በምርኮኞች መካከል ይመጣል። በመድረክ ላይ እንዲህ ተሸንፈን ከታየን ከአራት ዓመት በኋላ እኒሁ እስማኤል እውነተኛ ጦር ላኩብን። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት አሸነፋቸው። ዜማው ግሩም ነው፤ የሰማሁትን ያህል ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ሌላው ሰው ስለ አንተ የሚዘፍነውና አንተ ስለ ራስህ የምትዘፍነው አንድ አይደለም። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ልጅ የምሳሳለት በዚህ ምክንያት ነው። ወይዘሮዋ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡኝና የጦርነቶቹን ዓመታት በአስጎብኚው ማስታወሻ ላይ አስጻፉ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቤቱ ይለወጣል። ከጓዳ ኪቦርድ ይወጣል፤ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይከፈታሉ፤ የመሰንቆው አፍ ላይ ማይክሮፎን ይደገናል። ያ ሁሉ የምድጃ ዳር ጥንቃቄ ከንቱ ይቀራል፤ የሚሰማው ጩኸትና ፉጨት ነው። ግጥም የሚወረውር ሰው የለም፤ ቢወረውርም የሚቀበለው የለም። ልጁ እንኳ ፊቱ ይቀየራል፤ ዓይኖቹን ከእንግዳው አንሥቶ ግድግዳው ላይ ይተክላቸዋል። ባለቤቷን ስጠይቃቸው ወጣቶቹ ሞቅ ያለ ነገር ይፈልጋሉ፣ ቢራ የሚሸጠውም በዚያ ሰዓት ነው አሉኝ። የእንግዳ ቁጥር በቀነሰበት በዚህ ዘመን የእርሳቸውን ጭንቀት እረዳለሁ። ድምፁን ግማሽ ቢቀንሱት ግን ወጣቶቹ እንደማይሄዱ እርግጠኛ ነኝ። ይህንኑም ነግሬያቸዋለሁ።

በዚሁ ሰዓት ተወዛዋዦች ልብስ እየቀያየሩ የብሔር ብሔረሰቦችን ውዝዋዜ ያቀርባሉ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ ትግሬው፣ ኦሮሞው በሩጫ ያልፋሉ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ጉልበታቸውን አይቆጥቡም። እኔን የሚከፋኝ የሌላው ሕዝብ ጨዋታ ጎንደር መምጣቱ አይደለም። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ ማለት ነው። የጎንደር አዝማሪ ያለ እነርሱ ምሽቱን አይጨርስም፤ ማንም መጤ አይላቸውም። የሚከፋኝ መጣደፉ ነው። አምባሰል እዚህ ቤት የደረሰው በሰው ጉሮሮ ውስጥ ኖሮ፣ ግጥም ለብሶ፣ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ነው፤ የማጀቢያ ካሴት ተከፍቶ ልብስ ተቀይሮ አይደለም። አንድን ሕዝብ በአራት ደቂቃና በአንድ ቀሚስ አሳይቶ ማለፍ ያንን ሕዝብ ማክበር አይመስለኝም። የአንዱን ብቻ መርጠው፣ ግጥሙን ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ ምሽቱን ሙሉ ቢያቀርቡት ከሁሉ ቀድሜ የምገኘው እኔ ነኝ።

ቤቱን ደግሞ በአንድ ነገር ከፍ አድርጌ ማመስገን አለብኝ፤ አዝማሪዎቹን በሚይዝበት መንገድ። እኛ ጎንደሬዎች በመሰንቆ እንኮራለን፤ መሰንቆ ተጫዋቹን ግን ስንንቅ ኖረናል። በሠርጋችን ጠርተን በር ላይ አቁመናቸዋል፤ ልጃችንን ሊያገቡ ሲመጡ ዘራቸውን ጠይቀናል። በዜማው እየኮሩ በሰውየው ማፈር ትልቅ በደል ነው፤ ከእኔ ትውልድ አልፎ መሄድ የለበትም። በዚህ ቤት አዝማሪዎቹ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ከባለቤቷ ጋር በአንድ ገበታ ይበላሉ። የሚለጠፍላቸው ሽልማት የራሳቸው ነው፤ ቤቱ አይነካውም፣ ከዚያ ሌላ ወርኃዊ ክፍያ አላቸው። ዘፋኟ ላይ ብር ሲለጥፍ እጁን ያለ ቦታው ያሳረፈ አንድን ሰው ባለቤቷ ራሳቸው መጥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ሒሳቡን ተቀብለው እስከ በሩ ሸኙት። ዘፈኑ አልተቋረጠም። እርሷም ያን ምሽት ከወትሮው ይልቅ አምርራ፣ አሳምራ ዘፈነች።

ሒሳብ ላይ ንቁ መሆን ያስፈልጋል። የመግቢያ ክፍያ የለም፤ ነገር ግን ሳይታዘዝ የሚቀርብ ቆሎ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ከዚህ የሚብሰው፣ ለውጭ አገር እንግዳ የጠጁ ዋጋ ከእኛው የተለየ መሆኑን በወይዘሮዋ ሒሳብ ላይ አይቻለሁ። ይህ አስነዋሪ ነው። እንግዳ ተቀባይነታችንን በዘፈን እያወደስን በደረሰኝ ላይ ማጠፍ አይገባም። ለባለቤቷ ስነግራቸው አስተናጋጇን ጠርተው ልዩነቱን መለሱ፤ ለሁሉም አንድ የዋጋ ዝርዝር ግድግዳው ላይ እንዲሰቀልም ቃል ገቡ። እስከ አሁን ግን አልተሰቀለም፤ ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ መንገዱ ግን መብራት የለውምና ሽማግሌ ይዞ ለሚመጣ ሰው ያስቸግራል።

ልትሄዱ የምታስቡ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ግቡ። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው የቤቱ ምርጥ ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለወጣቶቹ ተዉላቸው። ቤቱ የሚዘጋበት ሰዓት እንደ ከተማው ሁኔታ ስለሚለዋወጥ አስቀድማችሁ አጣሩ። መደቡ ምቹ ነው፤ ዱካው ወገብ ያደክማል፤ ቢሆንም ከምድጃው አጠገብ ያሉትን ዱካዎች ያዙ፣ ግጥሙ ከዚያ ነው ጥርት ብሎ የሚሰማው። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ። ልጆቻችሁንም አምጡ፤ ባለቤቷ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ይፈቅዳሉ፣ ብርዝም በነጻ ይሰጧቸዋል። የምትወረውሩት ግጥም ካላችሁ ደግሞ አትፈሩ። ልጁ ጀማሪን አያሳፍርም፤ የጎደለውን ቤት እየሞላ ይቀበላችኋል።